ላዳዋ፣ ሁለቱ ልጆችና ያልተነፋው ጥሩምባ፦ የአንድ አጭር ፊልም የሥራ ማስታወሻ

ጥር 18 ቀን 2016፣ ቅዳሜ

የታሪኩ አጽም ይህ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለ፤ አባቱ የላዳ ታክሲ ሹፌር ነበር። አባት ሞቷል፤ ለልጁ ግን ማንም አልነገረውም። «ለሥራ አሶሳ ሄዷል» ተብሏል። ታክሲዋ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ከሁለት ዓመት በፊት እናቷን የቀበረች የአሥራ አንድ ዓመት የጎረቤት ልጅ ታክሲዋ ውስጥ አብራው ትጫወታለች። መርዶውን የምታረዳው እሷ ናት። ሃያ ደቂቃ፣ አንድ ግቢ፣ አንድ መኪና። አያትና የልጅ ልጅ አብረው ተቀምጠው ሊያዩት የሚችሉት እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ለምን መርዶ? እኔ ራሴ የአጎቴን ሞት የሰማሁት ከተቀበረ ከሰባት ወር በኋላ ነው። ፈተና ላይ ስለነበርኩ «ይደርሳል» ብለው ደበቁኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሞቱ ብቻ አይደለም፤ በእነዚያ ሰባት ወራት ውስጥ «አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው?» እያልኩ ስጠይቅ ሰዎቹ ፊቴን እንዴት አይተው እንደ ነበር ሳስበው ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ ላዳ አልነበረችም፤ በግ ነበር። ካሜራ የሚይዘው ጓደኛዬ አነበበና «ይህ ተሠርቷል» አለኝ። ልክ ነው። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እናቱን ያጣ ልጅንና በጉን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ደርሷል፤ በዚያ ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ሁለተኛ በግ አያስፈልግም ብዬ በጉን አውጥቼ ላዳዋን አስገባሁ። በኋላ ግን «በጉ ይሻለኝ ነበር» ያልኩባቸው ቀናት አልጠፉም። በግ ባትሪ አይፈልግም።

በጀት፦ የእኔና የሁለት ጓደኞቼ ቁጠባ፣ በድምሩ 85,000 ብር። ቀረጻ፦ ስድስት ቀን፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ፤ ሁላችንም ሌላ ሥራ አለን።

የካቲት 2፣ ቅዳሜ

ጉለሌ አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ዓመት የቆመች ላዳ ተገኘች። ሰማያዊውም ነጩም ቀለሟ በፀሐይ ገርጥቷል፤ ለካሜራ ይህ ወርቅ ነው። ባለቤቷ ኪራይ አልጠየቁም። «እንዳገኛችኋት መልሱልኝ፤ ብትነሳ ደግሞ እመርቃችኋለሁ» አሉ።

መነሳት አለባት። የስክሪፕቱ የመጨረሻ መስመር «ሞተሩ ይነሳል። ልጁ ይስቃል።» ይላል። ተስፋን ለማሳየት ያገኘሁት ምስል እሱ ብቻ ነው።

ኮፈኑን ስንከፍት የአይጥ ጎጆ አገኘን። ባትሪ የለም። አራቱም ጎማዎች ተኝተዋል። እኔ በደስታ በዚያው ቀን ሄጄ ባትሪ በ7,500 ብር ገዛሁ። ስህተት ቁጥር አንድ ይህ ነው፤ ከባትሪ በፊት ሞተሩ በእጅ መዞር አለመዞሩን ማስፈተሽ ነበረብኝ። ነክሶ ቢሆን ኖሮ ባትሪው ለምንም አይሆነኝም ነበር። መካኒኩ በማግስቱ መጥቶ በቁልፍ ሲያዞረው ዞረለት። እግዜር ይስጠው፤ እኔን ግን ቀና ብሎ ሲያየኝ ምን እንዳሰበ ገብቶኛል።

የካቲት 16፣ ቅዳሜ

ታንኩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ሙጫ ሆኗል። ታንኩ ታጠበ፤ ካርቡሬተሩ ተፈታ፤ ካንዴላዎቹ ተቀየሩ። የነዳጅ ፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል። ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞርኩ። አዲስ አላገኘሁም፤ ሁለት ጊዜ «አለ» ተብሎ የሌላ መኪና ወጣልኝ፤ በመጨረሻ ያገለገለ ሙሉ ፓምፕ ገዛሁ። ዕቃው ሁሉ 3,800 ብር፣ የመካኒኩ እጅ 2,500 ብር።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ተነሳች። አርባ ሰከንድ ያህል አጉረመረመችና ጠፋች። የግቢው ልጆች አጨበጨቡ። መካኒኩ «ለፊልም አርባ ሰከንድ አይበቃም?» አለ። ይበቃል።

የካቲት 23፣ ቅዳሜ

ልጆቹ ተገኙ። ሁለቱም ካሜራ ፊት ቆመው አያውቁም። ልጁን የመረጥኩበት ምክንያት አንድ ነው፤ መሪውን ሲይዝ ማውራት ያቆማል። ልጅቷ ደግሞ ማንንም አትፈራም፤ ስክሪፕቱን አንብባ «ይህ ልጅ ሞኝ ነው እንዴ? አባቱ እንደ ሞተ እንዴት አያውቅም? ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማታ ቁጭ ብዬ ልቅሶው በአያቱ ቤት፣ በሌላ ሰፈር እንዲሆን አድርጌ ጻፍኩት። በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አሰብኩ፤ ምናልባት ልጁ ያውቃል፤ እንደማያውቅ የሚያስመስለው ትልልቆቹ እንዳይጨነቁ ነው። ይህንን ለልጁ አልነገርኩትም። ለራሴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊልሙ ስለዚህ ሆነ።

ለእያንዳንዳቸው 5,000 ብር፤ እናቶቻቸው ቀረጻው ቦታ እንዲገኙ ተስማማን።

የካቲት 30፣ ቅዳሜ፦ ጥሩምባው

ይህንን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

ፊልሙ በዕድር ጥሩምባ እንዲጀምር ፈልጌ ነበር። ጨለማ፣ ከዚያ ጥሩምባ፣ ከዚያ በር ሲንኳኳ። የሰፈሩን ጥሩምባ ነፊ ሄጄ ለመንኳቸው። «ሬሳ ሳይኖር አልነፋም፤ ሟርት ነው» አሉኝ። ገንዘብ ጨመርኩ። ጭራሽ ተቆጡ። እኔም ምናለሽ ተራ ሄጄ አንድ አሮጌ ጥሩምባ በ600 ብር ገዛሁና፣ የንጋቱ ጸጥታ እንዳያመልጠን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ግቢው ውስጥ ቆሜ ራሴ ነፋሁት።

ሁለቴ ነው የነፋሁት። ሦስተኛውን ሳልደግም በሮች ተከፈቱ። ሰዎች ነጠላቸውን እያጣፉ፣ ጫማቸውን በቅጡ ሳያጠልቁ ወጡ። «ማን ነው? ማን ሞተ?» አንዲት ሴት ቀድማ ማልቀስ ጀምራ ነበር፤ ባሏ ሆስፒታል ተኝቷል። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

በሰፈሩ የተከበሩ አንዲት እናት ወደ እኔ መጡ። ጥሩምባውን ከእጄ ወሰዱት። «አንተ ልጅ፣ ይህ መጫወቻ ነው?»

«አይደለም እማማ። ለፊልም ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ፊልምህ ስለ ምንድን ነው?»

ነገርኳቸው። ቆመው ሰሙኝና «ስለ ኀዘን ልትሠራ ነው ኀዘን እንዴት እንደሚመጣ የማታውቀው?» ብለው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ባሏ ሆስፒታል የተኛባትን ሴት ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ቡና አፈላችልኝ፤ ይህም ይበልጥ አሳፈረኝ። ጥሩምባውን ከስክሪፕቱ አወጣሁት። ለእማማ ቃል ስለገባሁ ድምፁን ከሌላ ቦታ ቀድቼም አላስገባሁም።

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ፦ የመጀመሪያው የቀረጻ ቀን

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰኞ ገቡ፤ ገና ስድስተኛ ቀናችን ነው። ድምፅ የሚቀዳው ጓደኛችን ረመዳን ይጾማል፤ ሦስታችን ሁዳዴ፤ ልጆቹ ዳቦና ሙዝ። ምሳ ለሰው ሁሉ ብዬ የያዝኩት ወጪ በቀን ወደ 1,400 ብር ወረደ። በጎ ጎኑ ይህ ነው። ክፉ ጎኑ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ማንም ሰው ቀልድ አይሰማም።

ካሜራው ሶኒ ኤ 7 ሦስት ነው፣ ከሁለት ሌንስ ጋር በቀን 4,000 ብር። ድምፅ መቅጃውና ሁለት የአንገት ማይክ በቀን 1,500 ብር። በኤስ ሎግ (ቀለሙ በኋላ እንዲስተካከል ምስሉን አደብዝዞ በሚቀርጽ አሠራር) ቀረጽን፤ በዚያ አሠራር አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ800 በታች አይወርድም፤ የመጋቢት ፀሐይ ደግሞ ግቢው ላይ ተደፍቷል። ኤን ዲ ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚገጠም ብርሃን ቀናሽ መስታወት) አልያዝንም። ብርሃኑን ለመቀነስ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ 16 ዘጋነው፤ ቀዳዳው ሲጠብ የሩቁም ስለሚጠራ ከልጁ ጀርባ ያለው የልብስ ማስጫ ገመድ ከልጁ ፊት እኩል ጠርቶ ወጣ። ግማሽ ቀን እንዲህ ባከነ። ማታ ፊልተር በ2,800 ብር ተገዛ።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የቤት ውስጥ ትዕይንት። ካሜራው ለሌላ ሥራ ተከራይቶ ነበርና ሻተሩ (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ፍጥነት) 60 ላይ ቀርቷል፤ ማንም አላየውም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሻተሩ 50 መሆን ነበረበት። ውጤቱ፦ ግድግዳው ላይ ያለው የዱላ አምፖል ብርሃን ምስሉን ሁሉ እየተወዛወዘ ሲያቋርጠው ይታያል። ያየነው ማታ ኮምፒውተር ላይ ነው። ትዕይንቱ ይደገማል።

መጋቢት 8፣ እሑድ

ጠዋት የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ እስኪያበቃ ድምፅ አልባ ቀረጻዎችን ሠራን፤ እጅ፣ መሪ፣ ሸራ፣ የተኛ ጎማ።

ከዚያ የሠራሁት ነገር ከጥሩምባው አይተናነስም። ልጁ ማልቀስ ነበረበት። አላለቀሰም። አንድ ቦታ ያነበብኩት ዘዴ ትዝ አለኝና ጎንበስ ብዬ «አባትህ እውነት ቢሞት ብለህ አስብ» አልኩት። ልጁ አየኝ። አላለቀሰም፤ ዝም ብሎ ከመኪናው ወረደና እናቱ ጎን ሄዶ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቃል አልወጣውም። እናቱ «ልጄን ምን አልከው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ሁለተኛ እንዲህ ብትለው ይዤው እሄዳለሁ» አለች። ልክ ናት። የቀኑን ቀረጻ በ9 ሰዓት ዘጋሁ።

ከልጅቷ ጋር ስናወራ «ለምን ሥራ አትሰጠውም? ሥራ ሲኖረው እኮ ነው የሚያዝነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ዘዴ ሁሉ ይህ ነው። «እዘን» አልለውም። የመኪናውን መስታወት ጥረግ እለዋለሁ፤ ሳንቲም ቁጠር፤ የተፈታውን የበር እጀታ ግጠም። መስታወቱን ሲጠርግ ጨርቁ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ይመላለሳል፤ እዚያ ቦታ ላይ ምንም ቆሻሻ የለም።

መጋቢት 14፣ ቅዳሜ

ጨዋታው። ልጁ ይነዳል፣ ልጅቷ ተሳፋሪ ናት። «ወራጅ አለ!» ትላለች። ካሜራ የሚይዘው ጓደኛዬ «ላዳ ውስጥ ወራጅ አለ አይባልም፤ ያ የሚኒባስ ነው» ብሎ ተከራከረኝ። እኔ ደግሞ ልጆች ሲጫወቱ ላዳና ሚኒባስ አይለዩም አልኩ። ልጆቹን ጠየቅናቸው። «እኛ ከፈለግን አውሮፕላን ውስጥም ወራጅ አለ እንላለን» አሉ። ጉዳዩ ተዘጋ።

አምስተኛው ድግግሞሽ ላይ ልጁ ቃሉን ረሳ። ጸጥታ። በዚያ መሀል ከአጥሩ ውጭ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ መጣ። ድምፅ የሚቀዳው ጓደኛችን ቀረጻው ተበላሸ ለማለት እጁን አነሳ። ልጅቷ ግን ካሜራውንም እኛንም ረስታ አንገቷን በመስኮቱ አወጣችና በሙሉ ድምፅዋ «አይሸጥም!» አለች። ልጁ ተመለከታት፤ ከዚያ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ።

አላቋረጥንም። ጥሬ ፋይሉ ላይ ከኋላ የእኔ ትንፋሽ ይሰማል።

ቆራሌውን ድምፁን ለመጠቀም ፈቃድ ልንጠይቀው ፈለግነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተገኘ። ሁለት መቶ ብር ጠየቀ፤ በተጨማሪም «ያኔ ደክሞኝ ነበር፤ አሁን ደህና አድርጌ ልበላችሁ» አለ። ቀዳነው። እንደ ቲያትር ሆነ። የደከመውን ተጠቀምን።

መጋቢት 15፣ እሑድ፦ መርዶው

ስክሪፕቱ ላይ ልጅቷ እንዲህ ትላለች፦ «አባትህ አሶሳ አይደለም። አባትህ ወርዷል።» ወራጅ አለ ከሚለው ጨዋታ ጋር እንዲያያዝ ብዬ የጻፍኩት ነው፤ ስጽፈው ራሴን አድንቄ ነበር። ልምምድ ላይ ልጅቷ ስትለው ድምፅ የሚቀዳው ጓደኛችን ሳቀ። ይቅርታ ጠየቀ፤ ሁለተኛ ስትለው እኔም ሳቅኩ። አወጣነው። «አባትህ ሞቷል» የሚለውም ተሞከረ። ከአፏ ሲወጣ ልጅ አትመስልም፤ ዜና አንባቢ ትመስላለች።

እማማ፣ ጥሩምባውን የቀሙኝ፣ ቀረጻውን ሊያዩ መጥተው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። «መርዶ ነጋሪ እኮ አፉ ከመከፈቱ በፊት ይታወቃል። አለባበሱ ይናገራል» አሉ።

ስለዚህ ቃል የለም። ልጅቷ የኋላ ወንበር ላይ ነጠላ ለብሳ ተቀምጣለች። ልጁ ይነዳል። እሷ ነጠላውን ታወርዳለች፤ ጥለቱን ወደ ላይ ታዞራለች፤ ለልቅሶ እንደሚለበሰው ትከሻዋ ላይ ታደርገዋለች። ልጁ ይህንን የሚያየው በውስጡ ስፖኪዮ ነው። ቀና ይላል፤ ያያል፤ መንገዱን (የሌለውን መንገድ) ማየቱን ይቀጥላል።

ይህ በወረቀት ላይ ሦስት መስመር ነው፤ ለመቅረጽ አምስት ሰዓት ፈጀ። አንደኛ ችግር፦ ፎከስ። ስፖኪዮው ላይ ፎከስ ስናደርግ የጠራው አቧራውና የመስታወቱ ጠርዝ ነው፤ ልጅቷ ጭጋግ ሆነች። በመስታወት ውስጥ ያለን ሰው ለማጥራት ርቀቱ ከካሜራው እስከ መስታወቱ፣ ሲደመር ከመስታወቱ እስከ ሰውዬው ነው። ከካሜራው እስከ ስፖኪዮው 70 ሳንቲ ሜትር፣ ከስፖኪዮው እስከ ልጅቷ 130፤ ፎከሱ ሁለት ሜትር ላይ ሲደረግ ነጠላው ጠራ።

ሁለተኛ ችግር፦ ብርሃን። ነጠላው ከልክ በላይ ነጥቶ እንደ በረዶ ያበራል፣ የልጅቷ ፊት ይጨልማል። ለፊቷ ስንከፍት ጥለቱ ጠፋ፤ ትዕይንቱ ደግሞ ያለ ጥለቱ ምንም አይደለም። መፍትሔው ሻይ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሁለት ነጠላ በ1,600 ብር ገዝተን ነበር፤ አንዱን በድስት ሻይ ውስጥ ለሩብ ሰዓት ነከርነው፤ ታጥቦ ሲደርቅ ለዓይን አሁንም ነጭ ነው፤ ለካሜራው ግን ብርሃኑን ቀንሷል። የልጅቷ አክስት ድስቱን ስታይ «ነጠላ በሻይ!» ብላ አማተበች።

ዘጠነኛው ድግግሞሽ ጥሩ ነው።

መጋቢት 21 እና 22

የልቅሶው ድንኳን። ከጥሩምባው በኋላ ዕድሩ ዕቃ ይሰጠኛል ብዬ አልጠበቅኩም፤ እማማ ተናግረውልኝ የዕድሩ ዳኛ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሮቹንና ብረት ድስቶቹን ለአንድ ቀን ፈቀዱ። የተቀቀለው ንፍሮ እውነተኛ ነው፤ ካርታ የሚጫወቱት የሰፈር ወንዶች እውነተኛ ናቸው፤ አንደኛው እየተሸነፈ እውነት ተናደደ። ልጁ ገብቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ አንድ ሰው ሳያየው ንፍሮ ያቀብለዋል። ይኸው ነው።

ከቀኑ 9 ሰዓት ዝናብ መጣ፣ በቆርቆሮ ላይ። ድምፅ አልቋል። ዝም ብለን ዝናቡን ለብቻው አምስት ደቂቃ ቀዳነው፤ ይጠቅማል።

አንድ የጎዳና ላይ ቀረጻ አስቤ ነበር፤ ለፈቃዱ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሦስት የተለያየ መልስ ስላገኘሁ ተውኩት።

እሑድ የመጨረሻው ትዕይንት። ላዳዋ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች። ጭሱ በጠዋት ፀሐይ ውስጥ ተነሣ፤ ልጁ ሳቀ፤ ሁላችንም አጨበጨብን። ባለቤቷ አለቀሱ። ከዚህ የተሻለ መጨረሻ የለም ብዬ ጻፍኩ፤ ማስታወሻዬ ላይ አሁንም አለ።

ሚያዝያ 6፣ እሑድ

የመጀመሪያውን ቅንብር ለአምስት ሰው አሳየሁ። የምሠራው በዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው፤ ነጻው ይበቃል።

ስለ ልጁ ሁሉም «እንዴት አድርጎ ነው የተጫወተው!» አሉ፤ ስፖኪዮው ላይ። እውነቱን ልናገር፤ ያንን ፊት የቀረጽነው ከነጠላው በፊት ነው፤ ልጁ የሚያየው አጥሩ ላይ ያለ ድመት ነበር። ሩሲያዊው የፊልም ዳይሬክተር ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ስሜት የሌለው አንድ ፊት ከሾርባ ጎን ሲቀመጥ የተራበ፣ ከሬሳ ሣጥን ጎን ሲቀመጥ ያዘነ ይመስላል። ልጁን ለማስለቀስ ያደረግኩት ሁሉ ከንቱ ነበር ማለት ነው።

ዋሽንት የሚነፋ ወዳጄ በትዝታ ቅኝት አንድ ነገር ሠርቶልኝ ከነጠላው ትዕይንት ሥር አድርጌው ነበር። ተመልካቾቹ ዋሽንቱ ገና ሲጀምር መሐረብ አወጡ፤ ልጅቷ ነጠላውን ከመንካቷ በፊት። ያ ማጭበርበር ነው። በባቲ ሞከርን፤ ያው። አወጣሁት፤ ዋሽንቱ ስም ዝርዝሩ ላይ ብቻ ይገባል። በምትኩ ያኔ የቀዳነው የዝናብ ጠብታ አለ።

ትልቁ ችግር ግን መጨረሻው። ሞተሩ ሲነሳ አምስቱም ፈገግ አሉ፤ ከዚያ አንዲት እናት «ማን ጠገነው?» ብላ ጠየቀች። ሌላው «አባትየው ተመለሰ እንዴ?» አለ። አንዱም ተስፋ አላየም፤ መካኒክ ነው ያየው። ቁጭ ብዬ ደጋግሜ ሳየው እኔም መካኒኩን አየሁ። ልጁ አባቱን አጥቶ በምትኩ ሞተር ተሰጠው፤ ዕዳው ተዘጋ። እንደዚያ አይዘጋም።

ያገኘሁት መውጫ፦ «አይሸጥም!» የሚለው መሀል ላይ ቀልድ ነበር፤ ወደ መጨረሻ ወሰድኩት። ከድንኳኑ በኋላ፣ ጠዋት፣ ቆራሌው፣ የልጅቷ ጩኸት፣ መሪውን የጨበጡት እጆች፣ ጥቁር። ማንም ፈገግ አላለም፣ ማንም መሐረብ አላወጣም። አንዱ «ድገመው» አለ።

ስለዚህ ላዳዋን ለማስነሳት የወጣው 13,800 ብር ፊልሙ ውስጥ የለም። አንድም ሰከንድ።

ሚያዝያ 12፣ ቅዳሜ

ሰባተኛ ቀን፣ ያልታቀደ፣ 6,900 ብር። የዱላ አምፖሉ ትዕይንት ተደገመ፤ ሻተሩን ሦስት ሰው አየው። ሌላው ሥራ የመጨረሻውን ትዕይንት ማገናኘት ነው፤ «አይሸጥም!» ስትል ልጅቷ ቢጫ ሹራብ ለብሳለች፣ ከድንኳኑ ስትወጣ ደግሞ ነጠላ። ነጠላውን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ ስታስቀምጥ የሚያሳይ አምስት ሰከንድ ቀረጽን። ልጁ በአንድ ወር ውስጥ ጸጉሩን ተላጭቶ መጣ። ኮፍያ።

ግንቦት 10፣ ቅዳሜ

ፋሲካ አለፈ፤ ሥራው ለሁለት ሳምንት ቆሞ ነበር። አሁን ቀለም። ካሜራው የሚቀርጸው በ8 ቢት፣ ማለትም በጥቂት የቀለም ደረጃዎች ነው፤ ኤስ ሎግን በ8 ቢት ቀርጾ ቀለሙን መግፋት አደጋ እንዳለው ሰምቼ ነበር፤ አልሰማሁም። ሰማዩ ላይ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ መስመር ወጣ። የመጨረሻው ጠዋት ሰማይ ከሁሉም ባሰ። ትንሽ የፊልም ቅንጣት (ምስሉን ሻካራ የሚያስመስል ነጠብጣብ) ጨምሬ ሸፈንኩት፤ ከተጠጉ ይታያል።

ሒሳብ፦ ካሜራ 24,000፤ ድምፅ 9,000፤ ላዳ 13,800፤ ምግብ 8,400፤ መጓጓዣ 9,600፤ ነጠላና ጥሩምባ 2,200፤ ልጆቹ 10,000፤ ሐርድ ዲስክ 6,500፤ ፊልተር 2,800፤ ሰባተኛው ቀን 6,900። ድምር 93,200 ብር። ከበጀት በላይ 8,200። የቆራሌው ሁለት መቶ ከኪሴ ነው። የላዳዋ ባለቤት ባትሪውን በ6,000 ብር ወሰዱልኝ፤ እንድትቆም አልፈለጉም።

ሰኔ 1፣ ቅዳሜ

የዕድሩ አዳራሽ ውስጥ አሳየን። አቡጀዲ ግድግዳው ላይ ወጠርን፤ ፕሮጀክተሩ የውሰት ነው። ከመቶ ያላነሰ ሰው መጣ፤ ግማሹ ራሱን ድንኳኑ ውስጥ ለማየት።

ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ዝናቡ ጣሪያውን ደበደበው። ድምፅ ማጉያውን እስከ መጨረሻ ብንከፍትም ሦስት ደቂቃ ንግግር ማንም አልሰማም። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ በላብ ታጠብኩ። ከዚያ ስፖኪዮው መጣ። ዝናቡ እንዳለ ነው። ልጅቷ ጥለቱን ወደ ላይ አዞረች። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች አንድ ላይ፣ በቀስታ፣ «ውይ» አሉ፤ አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። ባሏ ሆስፒታል የነበረችው ሴት ከባሏ ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች።

ልጁ ከእናቱ ጋር ነበር። «አይሸጥም!» ሲባል ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ነው፤ ያን ቀን ቃሉን መርሳቱን ስለሚያውቅ።

ሲያበቃ ጥሩምባ ነፊው መጡ። «ጥሩምባው የት አለ?» አሉኝ።

«እርስዎ እምቢ አሉኝ፤ እማማ ደግሞ ቀሙኝ።»

«እምቢ ማለቴ ልክ ነበር» አሉ፤ ቆየት ብለው ደግሞ «ግን ብትነግረኝ በፊልሙ ውስጥ ጥሩምባውን ይዤ እቆም ነበር። ሳልነፋ» አሉ።

ይህንን አላሰብኩትም። ሰው ጥሩምባውን ይዞ፣ ሳይነፋ፣ በጠዋት ጨለማ ውስጥ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አያስፈልግም ነበር።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ

የቀሩ ሥራዎች፦ ከስምንተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ደቂቃ ያለው ድምፅ ዝቅ ስላለ ይስተካከላል። የእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ ላይ «ቆራሌው» ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ሁለት ቀን ተከራክረን ባዶ ትተነዋል። ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ ወጥቷል። ጥሩምባውን ከእማማ አልጠየቅኩም።

ካሜራ ለሚይዘው ጓደኛዬ ደወልኩ። ካሜራውን ለአንድ ንጋት፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ስንት እንደሚያከራዩን እንዲጠይቅ ነገርኩት።